«ከመቆረጥ የዳነው» ጎልፈኛ

ነገሩ የአንድ ቃል ጣጣ ነው። ደሴ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ፣ የቅዳሜ የስፖርት ሰዓት። ልጁ ያመጣው ስክሪፕት ስማቸው ስለማይጠራ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ነበር፤ ዋንጫ ሳያነሱ ዕድሜያቸውን ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ስለሚጨርሱት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጠልዝ ላደገ ሰው ጎልፍ ባዕድ ይሁን እንጂ ደመወዝ የሌለው ባለሙያ ባዕድ አይደለም።

ስክሪፕቱ የወደቀው «ካት» ላይ ነው። የአሜሪካው የጎልፍ ዙር፣ የፒጂኤ ቱር ውድድር በአብዛኛው ሐሙስ ተጀምሮ እሑድ ያልቃል፤ በቀን 18፣ በድምሩ 72 ጉድጓድ፤ በትንሽ ምት የጨረሰ ይበልጣል። ዓርብ 36ቱ ሲሞላ መስመር ይሰመራል። እስከ 65ኛ ያሉትና ከ65ኛው ጋር እኩል ምት ያላቸው ይቀጥላሉ፣ የቀረው ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል። በተለመደው ሳምንት የሄደ ሰው ከሽልማቱ አምስት ሳንቲም አያገኝም። እንግሊዝኛው ታዲያ ያለፈውን «ካቱን አገኘ»፣ የቀረውን «ካቱን ሳተ» ነው የሚለው። ልጁ ካትን መቆረጥ ሲያደርገው ያለፈው ሁሉ «ተቆረጠ»፣ የቀረው ሁሉ «ከመቆረጥ ዳነ» ሆነና አረፈው።

ስምንት ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ተነበበ። ባዶ እጁን የተመለሰው ይመሰገናል፣ ገንዘብ የያዘው ይታዘንለታል። «አምስት ሳምንት በተከታታይ ከመቆረጥ የዳነ ጽኑ ሰው» የምትልም ነበረች፤ በገዛ ኪሱ ሆቴልና አውሮፕላን እየከፈለ አምስት ሳምንት የከሰረ ሰው ማለት ነው።

ስህተቱን የያዘው ቴክኒሻኑ ነው። ጎልፍ አያውቅም፤ ሂሳብ ግን ያውቃል። ሙዚቃ እንደገባ ማዳመጫውን አወለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ተቆረጠ ያልከው ሰውዬ 17 ሺህ ዶላሩን ከየት አመጣው?»

«65ኛ ወጥቶ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ተቆርጦ?»

«አዎ።»

«ያልተቆረጠውስ ስንት አገኘ?»

ልጁ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «እሱ አልተጻፈም።»

«አብሽር። እኔንም ቁረጡኝ በላቸው።»

ገንዘቡ ላይ ልጁ አልተሳሳተም። ጠቅላላ ሽልማቱ 8 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን አሸናፊው 18 በመቶ፣ ማለትም 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ይወስዳል፤ የ65ኛው ድርሻ ከ0.2 በመቶ እምብዛም አይዘልም፣ ወደ 17 ሺህ ነው። ከሷም ላይ ዱላ ተሸካሚው ይነሳለታል፦ በልማድ ላሸነፈ 10 በመቶ፣ እስከ 10ኛ ለገባ 7፣ ከዚያ ወዲያ 5። ሳምንታዊ ክፍያው ለብቻው ነው፤ ተጫዋቹ ዓርብ ቢሰናበትም አይቀርም። በዓመቱ መጨረሻ ሙሉ ካርዳቸውን፣ ማለትም የቱሩን የመጫወቻ ፈቃድ፣ ይዘው የሚቆዩት ድሮ 125 ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. ለ2026 ወደ 100 ወርደዋል። ካርድ የሌለው ሰኞ ዕለት 18 ጉድጓድ ይጫወታል፤ ቢበዛ ለ4 ቦታ። ይህንን «የሰኞ ማጣሪያ» ብሎ በትክክል ተርጉሞት ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ግን «ሰኞ ገበያ» ሆኖ ቀረ። እኔ እንደውም የተሻለ ይገልጸዋል ባይ ነኝ፦ ብዙ ሰው ይወጣል፣ ጥቂቱ ሸጦ ይገባል።

ለሚቀጥለው ሳምንት «መስመሩን አለፈ» እና «ከመስመሩ ቀረ» እንዲባል ተስማማን፤ ማረሚያው ተነበበ፣ ልጁም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ስክሪፕቱ ግርጌ ላይ «አንብቤ አጽድቄዋለሁ» ከሚለው ሥር ያለችው ፊርማ ግን የልጁ አልነበረችም።

ጎልፍ ፊርማ ላይ ጨካኝ ነው። የውጤት ካርዱ ላይ በአንድ ጉድጓድ ከመታው ያነሰ ቁጥር ሞልቶ የፈረመ ከውድድሩ ይሰረዛል፤ ያበዛ ደግሞ የጻፈው ይጸናበታል። እ.ኤ.አ. በ1968ቱ ማስተርስ፣ በትልቁ የጎልፍ ውድድር፣ የአርጀንቲናው ሮቤርቶ ደ ቪሴንሶ 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ምት ጨርሶ፣ ካርዱን የያዘለት ተጫዋች 4 ብሎ ሞላው። ሳያይ ፈረመ። የዕለቱ 65 ምት 66 ሆነ፣ የመለያ ጨዋታውም በዚያች አንድ ምት አመለጠው።

የእኛው ፈራሚ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰደ፤ በአበል።