ጣሪያው የሁሉም ነው፦ ከኮፐንሃገን እስከ ኦስሎ

ኮፐንሃገን በገባሁ ማግስት መጀመሪያ የሄድኩት ቆሻሻ ወደሚቃጠልበት ፋብሪካ ነው። ማታ አክስቴ ከኦስሎ ደውላ "ዛሬ ምን አየህ?" አለችኝ። ነገርኳት። "አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ቤተ መንግሥት ትተህ ቆሻሻ?" አለች። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ስነሳ ጀምሮ በጉጉት ስጠብቀው የነበረው እሱን ነው።

ፋብሪካው አማገር ባከ ይባላል። ብዙ ሰው ኮፐንሂል ይለዋል። ዲዛይኑን የሠራው ቢግ የተባለው የዴንማርካዊው አርክቴክት የብያርከ ኢንግልስ ቢሮ ነው። በ2017 ሥራ ጀመረ፤ ጣሪያው ደግሞ በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከቆሻሻው ቃጠሎ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሙቀቱንም በፍል ውሃ አድርጎ፣ ከመሬት ሥር በተዘረጉ ቧንቧዎች ወደ ከተማው ቤቶች ይልካል። ብርዱ ሲበረታ የሰዎቹን ሳሎን የሚያሞቀው ራሳቸው የጣሉት ቆሻሻ ጭምር ነው።

ቆሻሻ አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ ሌላም አገር አለ። የዚህኛው ልዩነት ጣሪያው ነው። ከ80 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጫፍ ተነስቶ እየተጠማዘዘ እስከ መሬት የሚወርድ አረንጓዴ ቁልቁለት አለው። ዓመቱን ሙሉ፣ በረዶ ባይኖርም፣ ሰው በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ስኪ ይንሸራተታል። ከጎኑ ዛፍና ቁጥቋጦ የተተከለበት የእግር መንገድ አለ። በአንዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ በገመድ የሚወጡ ሰዎች ተንጠልጥለዋል። ስኪው ይከፈልበታል። በእግሩ ለሚወጣ ግን "ወዴት ነህ?" የሚለው የለም። ወጣሁ። ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ሱሪያቸው ላብ ያራሰው ሯጮች፣ ቀስ እያሉ የሚያዘግሙ ሽማግሌዎች አብረውኝ ይወጣሉ። ጫፉ ላይ የጭስ ማውጫው አጠገብ ቆሜ ባሕሩን፣ ባሕር ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖችና ወደ ስዊድን የሚያሻግረውን ድልድይ አየሁ።

የገረመኝ ሐሳቡ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሰፈሩ እንዲሠራ የሚፈልግ ሰው የለም። ብዙ ቦታ ከከተማ ዳር ተወስዶ በአጥር ይደበቃል። ድሆች አጠገብ መሆኑም የተለመደ ነው። እነዚህ ግን ከመሐል ከተማ በብስክሌት በሚደረስበት ቦታ አቆሙትና "ቦታችሁን ስለወሰድን ተራራ ሰጠናችሁ" አሉ። ዴንማርክ ደግሞ ተራራ የሚባል ነገር የላትም። ፋብሪካው ነቀፌታም አለበት። ከከተማው ፍላጎት በላይ ተልቆ በመሠራቱ ከሌላ አገር ሳይቀር ቆሻሻ ማስመጣት ጀምሯል። ቆሻሻ መቀነስ እፈልጋለሁ ለሚል አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ የጣሪያው ማማር መልስ አይሆነውም። ያም ሆኖ ያ ቁልቁለት ላይ የቆመ ሰው፣ ለሕዝብ የሚሠራ ነገር ምን ያህል ሊታሰብበት እንደሚችል ይገባዋል።

ስለ ስካንዲኔቪያ ዲዛይን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወንበር ነው። እኔም የዴንማርክን የዲዛይን ሙዚየም አይቻለሁ። ወንበሮቹ በረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ ልክ እንደ ጌጥ ተደርድረዋል። ያምራሉ። ዋጋቸው ግን ለብዙ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ይዞ ያቆየኝ አንድ መብራት ነው፤ ፖል ሄኒንግሰን በ1958 የሠራው ፒኤች 5። ክዳኖቹ የተደራረቡት አምፖሉ በየትኛውም አቅጣጫ ዓይን እንዳይወጋ ተብሎ ነው። ብርሃኑ እንጂ አምፖሉ አይታይም። ክረምቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ለሚጨልምበት ሕዝብ መብራት ቅንጦት አይደለም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ የየቤቱን መስኮት ማየት አላቆምኩም። ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ጠረጴዛው አጠገብ የደረሰ፣ ለስለስ ያለ መብራት በየመስኮቱ አለ።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከተማው ውስጥ "የብስክሌት እባብ" የሚሉት ድልድይ አለ። ዲሲንግ ፕላስ ቫይትሊንግ የተባለው ቢሮ ዲዛይን አድርጎት በ2014 ተከፈተ። ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። ወለሉ ብርቱካናማ ነው። በውሃው ዳርና በሕንፃዎቹ መሐል እየተጠማዘዘ ያልፋል። ከዚያ በፊት ብስክሌተኛው ደረጃ ሲደርስ ወርዶ ብስክሌቱን መሸከም፣ ከእግረኛው ጋርም መጋፋት ነበረበት። አንድ ደረጃ ሰውን እንዳያስቸግር ብሎ እንዲህ ያለ ድልድይ መሥራት! ተከራይቼ ነዳሁበት። ኩርባው ላይ ፍጥነት አይጠይቅም፣ ፍሬንም አያስይዝም። የሚነዳውን ሰው ጉልበት አስልተው እንደሠሩት ያስታውቃል። ድልድዩ የሚያልፍበት ወደብ ላይ በበጋ ሰው ይዋኛል። ውሃው ድሮ በፋብሪካና በፍሳሽ የተበከለ ነበር። ከተማው መጀመሪያ ፍሳሹን ተቆጣጠረ፤ መዋኛዎቹን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። መዋኛውም ነፃ ነው።

ኖሬብሮ የተባለው ሰፈር ግን ስሜቴን ደበላልቆብኝ ነው የወጣሁት። ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ በብዛት ይኖርበታል። ሱፐርኪለን የሚባለው ረጅም ሕዝባዊ ቦታ እዚያ ነው ያለው። ቢግ፣ ቶፖቴክ 1 የተባለ የጀርመን ቢሮና ሱፐርፍሌክስ የተባሉ የአርቲስቶች ቡድን በ2012 አብረው ሠሩት። በ2016 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት አግኝቷል። ነዋሪዎቹን "ከአገራችሁ ምን እናምጣ?" ብለው ጠየቁ። ስለዚህ የሞሮኮ ፏፏቴ አለ፣ የኢራቅ ዥዋዥዌ አለ፣ የታይላንድ የቦክስ ሪንግ አለ፣ ልጆች የሚንሸራተቱበት የጃፓን ኦክቶፐስ አለ። ከ50 በላይ አገሮች የየራሳቸው ነገር አላቸው። አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ቀይና ሮዝ ነው፣ አንዱ ጥቁር ላይ ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ አንዱ አረንጓዴ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር የደረስኩት። ሒጃብ የለበሱ ሴቶች አግዳሚ ላይ ይጫወታሉ፣ ጎረምሶች በስኬትቦርድ ይበራሉ፣ አንድ አባት ልጁን ዥዋዥዌ ላይ ይገፋል። እንግዳን ሰው "ያንተም ነው" የሚል አደባባይ እንዲህ ፊት ለፊት ሲናገር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከሱ አጠገብ ግን ሚዮልነርፓርከን የሚባል የኪራይ ቤቶች መንደር አለ። መንግሥት በ2018 ባወጣው ሕግ መሠረት እንደዚህ ያሉ ሰፈሮች ውስጥ ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት የሚያከራዩአቸው ቤቶች ቁጥር እንዲቀንስ ተደረገ። ሰፈር ለመለየት ከሚያገለግሉት መስፈርቶች አንዱ የነዋሪው ዘር ግንድ "ምዕራባዊ" አለመሆኑ ነው። ከሕንፃዎቹ የተወሰኑት ለግል ባለሀብት ተሸጡ፤ ሰዎችም ከኖሩበት ቤት ለቀቁ። የሞሮኮውን ፏፏቴ ያስመጣው ጎረቤት ነገ እዚያ መኖሩን ማን ያውቃል? ለአደባባዩ ያለኝ አድናቆት አልቀነሰም። ግን አደባባዩን አድንቆ ስለ ቤቶቹ ዝም ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ወደ ኦስሎ የሄድኩት በባቡር ነው። ከኮፐንሃገን ሲወጣ ባቡሩ መጀመሪያ ባሕር ሥር ይገባል። ቀጥሎ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ድልድይ ይይዛል። ሙሉውን በድልድይ ያላደረጉት አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነና መርከቦችም መተላለፊያ ስለሚፈልጉ ነው። በ2000 ነው የተከፈተው። ስዊድን ውስጥ በማልሞና በጎተንበርግ አልፌ ቀጠልኩ። በመስኮት እያየሁ ልደታ ያለው የእኛው ህንፃ ኮሌጅ ትዝ አለኝ። በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን የህንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሲቋቋም ከስዊድን ጋር በሽርክና ነበር። የእኛ አገር ስንት መሐንዲስና አርክቴክት ከዚያ ግቢ ወጥቷል። ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች የግንባታ ትምህርት ለእኛ ሩቅ አይደለም።

አክስቴ ኦስሎ ጣቢያ ጠበቀችኝ። ሻንጣዬን እንኳ ሳናስቀምጥ "ና፣ ቅርብ ነው" ብላ ኦፔራ ቤቱ ጋ ወሰደችኝ። ስኖሄታ የተባለው ቢሮ ነው የሠራው። ይህን ቢሮ ዓለም መጀመሪያ ያወቀው በእኛው አህጉር፣ ግብፅ ውስጥ ባለው የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ኦፔራ ቤቱ በ2008 ተከፈተ፤ በ2009 የአውሮፓን ታላቅ የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ሚየስ ቫን ደር ሮኸን ወሰደ። ቦታው ድሮ የወደብና የአውራ ጎዳና ሰፈር ነበር። ነጩ የጣሊያን እምነበረድ ከውሃው ውስጥ ወጥቶ፣ ቀስ እያለ እያዘነበለ ጣሪያ ይሆናል። ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ነው። ይተኛል፣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል። ኖርዌይ ውስጥ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬትና በጫካ በነፃነት የመዘዋወር መብት አለው፤ በ1957 በወጣ ሕግ የጸና ነው። ይህን መብት ነው ወደ ከተማ አምጥተው ሕንፃ ላይ የጫኑት።

ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የኦክ እንጨት ግድግዳ እንደ ማዕበል እየተቆለመመ ይቀበላችኋል። የሠሩት ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። እንጨት የማጉበጥ ጥበብ ያለው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ሥራው ለእነሱ ተሰጠ። እኔ ይህን ውሳኔ ከሕንፃው ቅርጽ እኩል አደንቃለሁ። የድሮ ሙያ ሙዚየም አልገባም፤ ሥራ ተሰጠው። አንድ ቅሬታ አለኝ። ጣሪያው ላይ ድንገት የሚያጋጥሙ ደረጃዎችና ተዳፋቶች አሉ። ዓይኑ ለደከመ ወይም በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ምቹ አይደለም። ለሁሉም ብሎ የተነሳ ሥራ ለእነሱም ይበልጥ ማሰብ ነበረበት።

ከኦፔራ ቤቱ መንገድ ተሻግሮ ዳይክማን ቤተ መጻሕፍት አለ። ተቋሙ በ1785 የተከፈተ ነው፤ መነሻው አንድ ሰው ለከተማው የተናዘዛቸው መጻሕፍት ነበሩ። አዲሱ ሕንፃ ግን የ2020 ነው፤ ሉንድሃገምና አተሊዬ ኦስሎ ናቸው የነደፉት። በ2021 የዓመቱ ምርጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሏል። የላይኛው ፎቅ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ተንሳፍፏል። ከሰማይ ብርሃን የሚያስገቡ ሰፋፊ ክፍተቶች ፎቆቹን ሰንጥቀው ይወርዳሉ። ሲኒማ አለው፣ ስቱዲዮ አለው፣ ስፌት መኪና ሳይቀር አለው። አክስቴ እየሳቀች "ለፋሲካ የለበስኩትን ቀሚስ ያሳጠርኩት እዚህ ነው" አለችኝ። ልጆቿ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት እዚያ ነው። "ቤታችን ጠባብ ነው፤ እዚህ ሲሆኑ ልቤ ያርፋል" አለች። በአካባቢው አዲስ የተሠሩትን አፓርታማዎች ስጠይቃት ግን ራሷን ነቀነቀች። "እነሱን ለእኛ አልሠሯቸውም።"

ለምትሄዱ፦ ኦፔራ ቤቱም ቤተ መጻሕፍቱም ከኦስሎ ማዕከላዊ ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል፤ ስለዚህ ትራንዚት የያዘ ሰውም ሁለቱን ማየት ይችላል። በክረምት የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፤ እምነበረድ ላይ በረዶ ሲያርፍ አደገኛ ነው።

እኔ ቀጥሎ ማየት የምፈልገው ሰሜን ስዊድን፣ ሸሌፍቴዮ ከተማ ያለውን ሳራ የባህል ማዕከል ነው። ዋይት አርኪቴክተር ሠርቶት በ2021 ተከፍቷል። 20 ፎቅ ያለው፣ 75 ሜትር የሚረዝም የእንጨት ሕንፃ ነው። እንጨቱ የዚያው አካባቢ ደን ውጤት ነው። ቴአትሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ሆቴሉ አንድ ላይ ናቸው። አክስቴም "በበጋ ከሆነ እመጣለሁ" ብላለች።