ፖርቶ መጋላ ሲገጠም ከመልኩ በፊት እግሩ

ፖርቶ መጋላ (በመኪና ጣሪያ ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ) ሊያሠራ ጋራዥ የሚመጣ ሰው በብዛት የሚያወራው ስለ መልኩ ነው፤ ከፊት መብራት፣ ከኋላ መሰላል። ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ግን እግሮቹ ጣሪያውን በሚይዙባቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። ኮረኮንች ላይ መጀመሪያ የሚላላውም የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው።

ከሒሳብ እንጀምር። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጣሪያው ስንት ኪሎ እንደሚችል ይናገራል። ከአዳማ ወጥቶ አስፋልት የሌለበት ለሚገባ መኪና ያንን ቁጥር ለ1.5 ማካፈል ይበጃል፤ 150 ካለ 100 ያዙ። ከዚህ ላይ ፖርቶ መጋላው ራሱ ይቀነሳል። 25 በ25 ሚሊ የሆነ፣ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በሜትር 1.1 ኪሎ ያህል ነው፤ ባለ 6 ሜትሩ 4 ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) ከገባ 26 ኪሎ ያልፋል፣ እግርና ብሎን ሲጨመር ወደ 35 ይጠጋል። ቀሪው 65 ነው። ናፍጣ የሞላ ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን 21 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሁለት ስትጭኑ 23 ኪሎ ብቻ ይተርፋችኋል፤ ስኮርታ (መጠባበቂያ) ጎማ ከነቸርኬው አይገባበትም። "ይጠንክር" ብሎ ወፍራም ብረት የሚመክር በያጅ ካጋጠማችሁ፣ የሚጨምረው ኪሎ ከጭነታችሁ ላይ እንደሚነሳ አስቡ።

ሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘር በጣሪያው ዳርና ዳር አሸንዳ ስላለው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አሸንዳ ለሌላቸው፣ ከፋብሪካ የመጣው የጣሪያ ሐዲድ ላይ የሚታሰር ፈልጉ፤ ላሜራውን በትራፓኖ መብሳት ውሃና ዝገት ማስገባት ነው።

አሸንዳውን አጥባችሁ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያላችሁ ከፊት እስከ ኋላ ሂዱ። ቀለሙ እየተፈረከሰ ጫፉ ሰመጥ የሚልበት ቦታ ከስር ዝጓል፤ ሳይጠገን እግር አይቀመጥበትም። ከዚያ የግራና የቀኙን ርቀት ከፊት፣ ከመሀልና ከኋላ ለየብቻ ለኩ፤ እኩል ነው ብላችሁ አትገምቱ። በአንድ ልኬት የተበየደ ፖርቶ መጋላ በግድ ይገባል፤ ከገባ በኋላም አሸንዳውን ሲገፋ ይኖራል።

እግሩ ቢያንስ 6፣ ጣሪያው ረጅም ከሆነ 8 ይሁን። በእያንዳንዱ ስር ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) የተቆረጠ ጎማ ይገባል፣ ግን ከእግሩ አይርዘም፤ የዝናብ ውሃ ከታገደ አሸንዳው ከዚያ ይበላል። በላሜራውና በብረቱ መካከል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል።

ብየዳው መኪናው ላይ አይሠራ። ፍንጣሪው መስታወት ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ቀለሙንም ያቃጥላል። የቱቦላሬውን ጫፎች ድፈኑ፤ ከስር ባለ 5 ሚሊ ቀዳዳ ለውሃ መውጫ ተዉ። የብየዳውን ቅርፊት አራግፋችሁ ሁለት ዙር የዝገት መከላከያ ቀቡ።

ሲገጠም ሁሉም ብሎን በእጅ ብቻ ይያዝ። የፖርቶ መጋላውን ሁለት ሰያፍ ርዝመት ከጥግ እስከ ጥግ ለኩና ከ5 ሚሊ በላይ ካልተለያዩ ከመሀል እግሮች ጀምራችሁ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ በሦስት ዙር አጥብቁ። ባለ 8 ሚሊ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ውስጡ ናይለን ያለበት ዳዶ ተጠቀሙ። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ማጥበቅ አሸንዳውን ያጣምመዋል። ብሎኑም ዳዶውም የማይዝግ ብረት ከሆኑ ጥርሱን ግሪስ ቀቡት፤ በደረቁ ከጠበቀ ይነካከስና ሊፈታ ሲል ይቆረጣል።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ መፍቻ ሳታነሱ በዓይን ታዩታላችሁ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ፣ ከዚያም ከኮረኮንች በተመለሳችሁ ቁጥር እዩት።

ነፋሱን አትናቁ። የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች አዳማ ዙሪያ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። በፈጣን መንገዱ ላይ ከ80 ወደ 120 ስትወጡ የአየሩ ግፊት 2.25 እጥፍ ይሆናል፤ ከጎን ሲመታ ደግሞ ከላይ የተጫነ መኪና ይወዛወዛል። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ወደ መሀል እግሮች አምጡ፣ ጀሪካንና የመሣሪያ ሣጥን ቢቻል ውስጥ ይግቡ፣ ጭነት ካለ ከ90 አትለፉ። የሚያፏጨው የፊተኛው አግዳሚ ብረት ነው፤ ገመድ ዙሪያውን እንደ ጥምዝ ቢጠመጠምበት ፉጨቱ ይቀንሳል።

ለወራት ጭነት ከሌላችሁ አውርዱት። ናፍጣም ይቆጥባል፣ በእግሮቹ ስር የተጠራቀመውን አቧራና ጭቃ ለማጠብም ዕድል ይሰጣል።