ቫሌታ፦ ኦሊቨር ሪድ የመጨረሻ ቀኑን ያሳለፈባት ጠባብ ቤት

የምኖረው ሮም ነው። ከሮም ማልታ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የሦስት ቀን እረፍት ሳገኝ ጓደኞቼ ለባሕር የምሄድ መሰላቸው። እኔ ግን የሄድኩት አንዲት መጠጥ ቤት ለማየት ነው።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ግላዲያተር የሚባለውን ፊልም አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን አየነው። ሁሉም ስለ ዋናው ጀግና ስለ ማክሲመስ ያወራል። የእኔ ዓይን የቀረው ግን ፕሮክሲሞ ላይ ነበር። ግላዲያተሮቹን ገዝቶ የሚያሠለጥነው፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር የሚወጣው ሽማግሌ። ተዋናዩ ኦሊቨር ሪድ ነው። ስንወጣ አንድ ልጅ "ሰውዬው እኮ ፊልሙ ሳያልቅ ነው የሞተው" አለኝ። አላመንኩትም። እስከ መጨረሻው አካባቢ አይቼዋለሁ፤ እንዴት ይሞታል?

የማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ ቁልቁለት ናት። መንገዶቿ ቀጥ ብለው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ አንዳንዱ ቦታ ደረጃ ነው። ቤቶቹ ማር በሚመስል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ቀለም የተቀባ የእንጨት በረንዳቸው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይንጠለጠላል። ቋንቋቸው ደግሞ አስደነገጠኝ። ባሕርን "ባሐር" ይላሉ። ራስ "ራስ" ነው፣ ዓይን "አይን"፣ ሞት "ሜውት"። ዘመድ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ቤቷ አርችቢሾፕ ስትሪት ላይ ናት። ስሟ "ዘ ፐብ" ነው፤ መጠጥ ቤት፣ በቃ። ከኛ ሰፈር ጠጅ ቤት አትሰፋም። ግድግዳው በፎቶና በጋዜጣ ቁራጭ ተሸፍኗል። አንዱ ቁራጭ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ፕላስተሩ ለቋል። ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው የበር ያህል የሆነ ሰው ቁልቁል ያየኛል። ኪኒ የሚሉትን መራራ የብርቱካን ለስላሳ አዝዤ ጥግ ያዝኩ።

ኦሊቨር ሪድ እ.ኤ.አ. በ1938 ለንደን፣ ዊምብልደን ውስጥ ነው የተወለደው። የትወና ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። አጎቱ ካሮል ሪድ ስመ ጥር ዳይሬክተር ነበር፤ እሱ ግን የጀመረው ከኋላ ውልብ ብለው ከሚያልፉት ተዋንያን ነው። በ1961 ወደ ተኩላ የሚለወጥ ወጣት ሆኖ የመጀመሪያውን መሪ ሚና አገኘ። ብዙም ሳይቆይ መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ ፊቱ በብርጭቆ ተቆረጠ። እንጀራው ያለቀ መስሎት ነበር። አላለቀም፤ ጠባሳው ራሱ ግርማ ሆነለት። በ1968 አጎቱ "ኦሊቨር!"ን ሲሠራ ጨካኙን ቢል ሳይክስን ሰጠው፤ ፊልሙም የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን በ1971 "ዘ ዴቭልስ" ላይ የተጫወተው ቄስ ነው። እዛ ላይ ሰውነቴን የሚወረኝ ሲጮህ አይደለም። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው።

ከዛ በኋላ መጠጡ ከሥራው በላይ ስም አወጣ። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይጋብዙታል። ሰክሮ ሲቀርብ ተመልካቹ ይስቃል። የሚያጨበጭብም አለ። ትልልቅ ሚናዎች እየራቁት ሄዱ።

የግላዲያተር ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት ፕሮክሲሞን ሲሰጠው ዕድሜው ስልሳ ደርሶ ነበር። በሥራ ቀን ላለመጠጣት ቃል ገብቶ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1999፣ ዕለቱ እሑድ ነበር። እዚህች ቤት ገባ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞች አገኙት። አብረው ጠጡ፣ ክንድ ለክንድ ተጋጠሙ። በኋላ ልቡ ከዳው። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። 61 ዓመቱ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት እንግሊዛውያን ብርጭቆ አንስተው ስሙን ጠሩ። ያን ቀን ስንት እንደጠጣ እርስ በርስ መቁጠር ጀመሩ፤ ይሄን ያህል ቢራ፣ ይሄን ያህል ሩም፣ ይሄን ያህል ውስኪ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ሆዴ ባባ።

አጎቴ ትዝ አለኝ። ድምፀ መረዋ ነበር። አረቄ ቤት ብቅ ሲል ሁሉም "ና፣ ና፣ እዚህ ጋ!" ይለዋል። ይጋብዙታል፣ ይዘፍንላቸዋል፣ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ከጋባዦቹ አንድም ሰው በጠዋት በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም።

ግላዲያተርን ከዛ በኋላ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሪድ ሲሞት ያልተቀረጹ ትዕይንቶች ቀርተው ነበር። ፕሮክሲሞን በሌላ ተዋናይ አልተኩትም። በእሱ ቁመና ያለ ሰው አቁመው፣ ፊቱን በኮምፒውተር ከሌላ ትዕይንት አምጥተው አስገቡለት። ወጪው ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ፊልሙንም ለእሱ መታሰቢያ አደረጉት። ስለዚህ የሰፈሬ ልጅ ልክ ነበር። ያ ሁሉ የተደከመው ግን ከሞተ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ለሚታይ ምስሉ ነው። ስልሳ ዓመት ሞልቶት እንዲህ የሚጫወት ሰው ሰባ ሲሆን ምን ያሳየን ነበር? በየፊልሙ መሃል ይሄን እያሰብኩ እናደዳለሁ።

በማግስቱ ዳይሳ የሚሏትን ትንሽ ጀልባ ተሳፈርኩ። ጀልባዋን የሚነዱት ፀሐይ ያጠቆራቸው አዛውንት ናቸው። ወደብ መግቢያው ላይ ያለውን የሪካሶሊ ምሽግ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። የፊልሙ ኮሎሲየም የተሠራው እዛ ነው፤ ከፊሉን ገነቡት፣ የቀረውን ኮምፒውተር ሞላው። አሁን ምንም የለም። የተሸረሸረ ግንብና ማዕበል ብቻ ነው የሚታየው።

"ከየት ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"ኢትዮጵያዊ ነኝ። የምኖረው ሮም ነው።"

"ታዲያ ሮም እያለህ የኛን ምን ፍለጋ መጣህ?"

የኦሊቨርን ስም ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ሞተሩን አጠፉት። ጀልባዋ ለብቻዋ እየተንሳፈፈች ትንሽ ዞረች። ግንቡን እስክጠግብ አየሁት። ከዛ ሞተሩን አስነሱና ከወደቡ ማዶ ወዳለችው ቢርጉ አሻገሩኝ።