መቃኑ አንድ፣ መዝጊያው ብዙ

ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለሚገነባ አንድ ትምህርት ቤት 46 በሮች በሪቪት፣ ማለትም የሕንፃ ንድፍ በሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አዘጋጅቼ ነበር። የመማሪያ ክፍሎቹ መዝጊያ ላሜራ፣ የቢሮዎቹ እንጨት፣ የዋናው መግቢያ መስታወት ያለው አሉሚኒየም ነው። አንዳንዱ በር ከበላዩ ብርሃን ማስገቢያ መስታወት አለው፤ አንዳንዱ የለውም። ለእያንዳንዱ ጥምረት የየራሱን ፋሚሊ (ሪቪት ውስጥ ደጋግሞ የሚያገለግል የዕቃ ሞዴል) ስለሠራሁ ስድስት ፋይሎች ሆኑ። ከዚያ የውስጥ ግድግዳው ብሎኬት ከ20 ሳንቲሜትር ወደ 15 ዝቅ አለ። መቃኑን ለማጥበብ ያንኑ እርማት ስድስት ጊዜ መድገም ነበረብኝ። አራቱን አረምሁ፤ ሁለቱን ዘለልኋቸው። ስሕተቱን ያገኘው በሮቹን የሚበይደው ባለሙያ ነው። ሜትሩን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ ወረቀቴን አየ፤ እንደገና ለካ።

«እታለም፣» አለኝ፣ «አንቺ መቃኑን አንድ አድርጊልን። መዝጊያውን እኛ እንደ ገበያው እንቀያይረዋለን።»

እሱ የተናገረው ስለ ብረቱ ነው። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት ቃሉ አብሮኝ ነበር።

ቢቸና አካባቢ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝና ይህን ቀድሜ ማወቅ ይገባኝ ነበር። አባቴ ማረሻው ሲዶለዱም ብረቱን አውልቆ ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል እንጂ እርፉን አይጥልም። ድግሩ ሲሰበር ሌላ ድግር ይጠርባል። ሞፈሩ ባለበት ይቆያል። ይህ ሁሉ የሚቻለው የማረሻው ቀዳዳ በእርፉ ጫፍ ላይ ልክ እንዲገባ ሆኖ ስለሚቀጠቀጥ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ወይም ከጠበበ ብረቱ የቱንም ያህል ስለታም ቢሆን አያርስም።

በአዲሱ አሠራሬ መቃኑ እናት ፋሚሊ ነው። መዝጊያው፣ እጀታውና የላዩ መስታወት በየራሳቸው ፋይል ተሠርተው ወደ እሱ ይጫናሉ። እናቲቱ ውስጥ የተቀመጠውን መዝጊያ እመርጥና «ሌብል» ከሚለው ቦታ «ፋሚሊ ታይፕ» የተባለውን፣ የትኛው ፋሚሊ እንደሚገባ የሚያስመርጠውን ፓራሜትር እሰጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ፕሮጀክቱ ውስጥ በሩን ስመርጥ «መዝጊያ» የሚል ዝርዝር ይከፈትልኛል፤ ላሜራውን በእንጨት የምተካው ከዚያ በመምረጥ ብቻ ነው። ዝርዝሩ የሚያሳየው በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉትን ፋሚሊዎች ብቻ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። እንጨቱ በአንድ ምድብ፣ ላሜራው በሌላ ምድብ ከተሠራ አንዱ ለሌላው አይታየውም። መዝጊያዎቼን በሙሉ በአንድ ምድብ፣ እጀታዎቹን በሌላ ያደረግሁት ለዚህ ነው። እንዲያ ባይሆን መዝጊያ በሚመረጥበት ዝርዝር ውስጥ እጀታ ይመጣል፤ የቸኮለ ሰውም ይመርጠዋል።

ከሁሉ በላይ የደከምሁበት መነሻ ነጥቡ ነው። የመጀመሪያውን ላሜራ የሣልሁት ከማጠፊያው ጎን ተነሥቼ ነበር፤ እንጨቱን ግን ከመሐሉ። ስፋታቸው 90 ሳንቲሜትር ስለሆነ አንዱን በሌላው ስተካ መዝጊያው 45 ሳንቲሜትር ተንሸራትቶ ግማሹ ግድግዳ ውስጥ ገባ። ጥፋቱን እናቲቱ ውስጥ ለግማሽ ቀን ፈለግሁት፤ እዚያ አልነበረም። ሪቪት አንዱን ክፍል አውጥቶ ሌላውን ሲያስገባ የሚያገናኘው መነሻ ከመነሻ ነው፤ መነሻውን የሚወስነው ደግሞ «ዲፋይንስ ኦሪጂን» የሚለው ምልክት የተደረገባቸው ማጣቀሻ ጠለሎች («ሬፈረንስ ፕሌን») የሚገናኙበት ቦታ ነው። አሁን የሁሉም መዝጊያ መነሻ የማጠፊያው ጎን ነው። በያጁም የሚለካው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ይህን ለማስጠበቅ ምንም ቅርጽ የሌለው አንድ ባዶ መዝጊያ ሠራሁ። ውስጡ ማጣቀሻ ጠለሎቹ፣ «ስፋት» እና «ቁመት» ብቻ አሉ። አዲስ መዝጊያ በፈለግሁ ቁጥር ይህን በሌላ ስም አስቀምጬ ቅርጹን እሞላበታለሁ። ስለዚህ የመለኪያዎቹ ስም በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ የመቃኑ ስፋት ሲቀየር የገባው መዝጊያ ማንም ይሁን ማን አብሮ ይቀየራል። ሁለቱንም መለኪያዎች «ኢንስታንስ» (ለእያንዳንዱ በር ለብቻው የሚለወጥ) ማድረጌ ሆን ብዬ ነው። አንዱ መዝጊያ ወደፊት «ሼርድ» (ለብቻው የሚቆጠር) ቢደረግ፣ «ታይፕ» (ለዓይነቱ ሁሉ በአንድነት የሚለወጥ) የሆነውን መለኪያውን እናቲቱ ልታዝዘው አትችልም።

ስለ «ሼርድ» ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙዎች ሁሉም ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ እኔ አልስማማም። ምልክቱ ያለበት ክፍል በዝርዝር ሠንጠረዥ ውስጥ ራሱን ችሎ ይቆጠራል፤ የሌለበት የእናቲቱ አካል ሆኖ ይቀራል። ቁልፍ ከነእጀታው ከሱቅ ለብቻው ስለሚገዛ መቆጠር አለበት። መዝጊያው ግን ከበሩ ጋር ተቆጥሯል፤ ሁለተኛ ብቆጥረው የገንዘብ ግምቱን የሚሠራውን ባልደረባዬን አሳስተዋለሁ።

ሁሉንም ዓይነት መዝጊያ አንድ ፋሚሊ ውስጥ አጭቆ የማይፈለገውን መደበቅ የሚመርጡም አሉ። ያን ሞክሬ ትቼዋለሁ። የተደበቀው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ተሸክመው የሚዞሩት ነው።

ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም ለሚሠራ ጤና ጣቢያ በዚህ መንገድ ስሠራ ብሎኬቱ እንደገና ተቀየረ። አንድ ፋይል ከፍቼ፣ መቃኑን አርሜ፣ መልሼ ጫንሁት። ቡናው ገና አልፈላም ነበር።

አሁን የመጸዳጃ ቤቱ በር ቀርቶኛል። መዝጊያው ከወለሉ ከፍ ማለት አለበት፤ ምን ያህል እንደሚሻል በያጁን ደውዬ ብጠይቀው «አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ይበቃል» አለኝ። «ከወለል ከፍታ» የሚል መለኪያ ባዶው መዝጊያ ላይ ብጨምር ቀድመው የተቀዱት አምስቱ አያገኙትም። ስለዚህ ነገ አምስቱንም አንድ በአንድ እከፍታለሁ፤ በዚህ ጊዜ እየቆጠርሁ።