ስድስት ኮፒ ወንበርና አንድ ጥቅል ጠፍር

ወንበሩ የተሰበረው ቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ሚካኤል ከገባ በኋላ ጎንደር፣ አዘዞ ያለው ቤታችን በዘመድ ሞልቷል። አጎቴ ከደንቢያ መጥተዋል። ሞላ ያሉ ሰው ናቸው። ጠላቸውን ይዘው ወደ ኋላ ደገፍ ሲሉ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወለሉ ላይ ተቀምጠው አየናቸው፤ ብርጭቆው ግን ቀና እንዳለ ነው፣ ጠብታ አልፈሰሰም። «የጣለኝ ጠላው ነው ወይስ ወንበሩ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ወንበሩን ከገዛሁት ገና አምስት ሳምንቱ ነበር።

ነጭ የፕላስቲክ መቀመጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ዘርጠጥ ያሉ አራት የእንጨት እግሮች ያሉትን ወንበር ታውቁታላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አዲስ የሚከፈት ካፌ ሁሉ እሱን ይደረድራል። እኔም እዚያ ማኪያቶ ስጠጣ ነው ልቤ የሸፈተው። ቴሌግራም ላይ ስፈልግ አንድ የአዲስ አበባ ሻጭ «የኢምስ ወንበር፣ አንደኛ ደረጃ ኮፒ» ብሎ ለጥፎ አገኘሁ። ኮፒ መሆኑን አልደበቀም፣ በዚህስ አላማውም።

ኢምስ ማን እንደሆነ ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ቻርልስና ሬይ ኢምስ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ናቸው። ወንበሩ የተወለደው በ1948 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ላወጣው የርካሽ የቤት ዕቃ ውድድር ነው። በ1950 ከፋይበርግላስ እየተሠራ ለገበያ ቀረበ። ዓላማው ደመወዝተኛ የሚችለው ወንበር መሥራት ነበር። ዛሬ ኦሪጅናሉ አንዱ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ይህን ሳነብ ኮፒ መግዛቴ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

አንዱን በ4,500 ብር ተስማማን። ለስድስቱ 27,000። ግማሹን ቀብድ ላክሁ፣ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የአይሱዙ ጭነቱን እኔ ቻልኩ። ይህን ወጪ አስቀድሜ አለማስላቴ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። ወንበሮቹ ተፈታተው በካርቶን መጡ። ማታውኑ ካቻቪቴ ይዤ ገጠምኳቸው። ሲያምሩ! ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት።

በማግስቱ ለምግብ ስንቀመጥ ግን ጉልበታችን ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ጠረጴዛውን አባቴ ድሮ ዝቅ ላሉ ወንበሮች ብሎ ያሠራው ነው፣ ቁመቱ 68 ሳንቲም። አዲሶቹ ወንበሮች መቀመጫቸው 45 ነው። የተለመደው የምግብ ጠረጴዛ 75 አካባቢ ይሆናል፣ ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ራስ ወደ 30 ሳንቲም ክፍተት ይፈልጋል። የእኔ 23 ነው። ከመግዛቴ በፊት በሜትር መለካት የሚወስደው አንድ ደቂቃ ነበር። ቤተሰቡ አምስት ሳምንት ሙሉ ወደ ጎን ዞሮ እየተቀመጠ በላ።

አጎቴ ከወደቁ በኋላ የተሰበረውን ይዤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ አናጺ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ወንበሩን አላዩትም ማለት ይቻላል፤ በቀጥታ ገለበጡት። «እታለም፣ ወንበር በፊቱ አይገዛም» አሉኝ። «ሆዱን ነው የሚያዩት።»

ሆዱ ውስጥ ያለውን አሳዩኝ። እግሮቹን የሚይዙት ብሎኖች የሚገቡት ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረ ዳዶ ነው። ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ ሰው ወደ ኋላ በተደገፈ ቁጥር ዳዶው ይላወሳል፤ አንድ ቀን ፕላስቲኩን ይዞ ይወጣል። እግሮቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስረው ጥቁር ብረትም ብየዳው ነጥብ ብቻ ነው። በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ተላቀቀ። እኔ ደግሞ ስገጥም ብሎኑን አጥብቄ ትቼዋለሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሜ አላጠበቅሁም። ይህኛው የሻጩ ጥፋት አይደለም።

ከስድስቱ አራቱ ዳኑ። መቀመጫውን ዳር እስከ ዳር በስተው ረጅም ብሎን አሳለፉ፤ ከላይና ከታች ሰፊ ሮንዴላና ቁራጭ ጎማ አደረጉበት። ብረቱን ጎረቤታቸው ያለው በያጅ ሙሉ ለሙሉ በየደው። ከላይ አራት የብሎን ራስ ይታያል፣ ትራስ ጣል አድርጌበታለሁ። ለጠረጴዛው እግር ደግሞ ከባሕር ዛፍ ሰባት ሳንቲም ጫማ ሠሩለት። ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ያስደሰተኝ ሥራ እሱ ነው።

አሁን የትም ቤት ስገባ ወንበር እገለብጣለሁ። ባለቤቴ ያፍርብኛል። አራቱ እግር ለጥ ባለ ወለል ላይ እኩል ማረፉን አያለሁ፤ ሁለት ማዕዘን ለማዕዘን ያሉ ጠርዞችን ይዤ እጫነዋለሁ፤ ከተንገዳገደ አልገዛም። ከዚያ ተቀምጬ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ እደገፋለሁ። በፎቶ ይህ አይቻልም። ከሩቅ የሚገዛ ሰው ቢያንስ የተገለበጠ ወንበር ቪዲዮ ይጠይቅ፤ ሻጩ እምቢ ካለ መልሱ ያው ነው። ስድስት ከማዘዝ በፊትም አንድ አስመጥቶ ወር ማየት ይሻላል። ኮፒ ሆኖ ጥሩ የሚሠራ አለ፣ ፎቶው ግን ከመጥፎው አይለይም።

ሁለት ወንበር ጎደለኝ። አናጺውን «አንድ ፎቶ አይተው ይሠሩልኛል?» አልኳቸው። ያሳየኋቸው ዴንማርካዊው ሃንስ ዌግነር በ1949 እ.ኤ.አ. የነደፈውን፣ መደገፊያው መሐል ዋይ ፊደል የሚመስል እንጨት ያለውን ወንበር ነው። የሚገርመው፣ ዌግነርም መነሻ ያደረገው የድሮ የቻይና ወንበሮችን ነው። ስለዚህ ማን ከማን ኮረጀ የሚለውን ክርክር ትቼዋለሁ። «ኦሪጅናል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ግን ሌባ ነው፣ እዚያ ላይ አልደራደርም።

ሽማግሌው ስልኬን ይዘው ብዙ ቆዩ። የላይኛውን ክብ እንጨት በእንፋሎት የሚያጎብጡበት ነገር የላቸውም፤ ከሦስት ቁራጭ ዋንዛ ቀጥለው ጠረቡት። መገጣጠሚያው ያስታውቃል። መቀመጫው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ኦሪጅናሉ የሚጠለፈው በወረቀት ገመድ ነው፣ ለአንድ ወንበር 120 ሜትር ያህል ይፈጃል። ከየት ይመጣል? «ይሄማ አልጋ ነው!» አሉ። አባታቸው የጠፍር አልጋ ሠሪ ነበሩ።

ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው እርጥብ ሳለ ወጥረው ጠለፉት። ሲደርቅ ራሱን ይስባል፣ ከበሮ ይሆናል። የመጀመሪያው ወንበር ሰኔ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ገለበጥኩት፣ ተጫንኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ አንድ ላይ 14,000 ብር ነው፣ ከቴሌግራሙ ይበልጣል። ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ ልጄ «በግ ወንበር» ብላዋለች።

ሁለተኛው እስካሁን እሳቸው ጋ ነው። ትናንት ደወልኩ። «ክረምት አይደል እንዴ፣ ጠፍሩ መች ይደርቃል» አሉኝ። ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል ብለዋል። እስከዚያ አምስት ወንበር ነው ያለን፣ አጎቴ ሲመጡም አልጋው ላይ ይቀመጣሉ።