ወደኛ የማያይ ነገር

ከሰሞኑ ነገር ሁሉ ይከብደኛል። ክረምቱ ነው መሰለኝ። ጠዋቱም ማታ ይመስላል፣ መብራት ሄዶ ይመጣል፣ ስልክ ሲጠራ ማንሳት ያስጠላኛል። እንዲህ ስሆን ጨለማ ነገር መሳል ይቀናኝ ነበር። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለ።

አብሮኝ የኮምፒውተር ጌም የሚሠራው ም. ማለዳ ቴሌግራም ላይ «የሽፋኑ ነገርስ?» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ሲጨነቅ ነው እንዲህ የሚያጥርበት። ጌሙን የምንሸጥበት ስቲም የሚባል የኢንተርኔት ገበያ አለ፣ እዚያ ላለው ገጻችን የቀረው የሽፋኑ ሥዕል ብቻ ነው።

ጌሙ ይሄ ነው። ጅምር ሕንጻ የሚጠብቅ የሌሊት ዘበኛ፣ አንድ ባትሪ፣ ከላይ ከፎቆቹ የሚሰማ ኮቴ። ዘበኛው መሣሪያ የለውም። ያለው ብርሃን ብቻ ነው፣ እሱም ያልቃል።

የጌም ሽፋን ሲባል ብዙ ሰው ግድግዳ የሚሞላ ፖስተር ይመስለዋል። ስቲም ላይ ትልልቆቹ ልኮች አሉ፣ እውነት ነው። ወሳኙ ግን ትንሹ ነው። 462 በ174 ፒክስል አድርገህ ትጭነዋለህ፣ ሰው ሲፈልግ በሚመጣለት ዝርዝር ላይ ከዚያም አንሶ ይታያል። በዚያች ቁራጭ ውስጥ ስሙ መነበብ አለበት። ሆረር፣ ማለትም የሚያስፈራ ጌም መሆኑም መታወቅ አለበት። ያ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው ወደ ታች እየወረደ፣ ሳይቆም ነው። እኔ ደግሞ እዚያች ቁራጭ ላይ ሕንጻ፣ ዘበኛ፣ ጨለማና አንድ የማይታወቅ ነገር ላስገባ ነው።

በዚያ ላይ የስቲም ገጽ ራሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጥቁር ሥዕል እዚያ ላይ ስታስቀምጥ ጠርዙ ይጠፋና ከገጹ ጋር ይቀላቀላል። የሆረር ሥዕል ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው። የሚያስፈራው ጨለማው ነው፣ ጨለማው ደግሞ አይታይም። ስለዚህ በደንብ የምትስለው ብርሃኑን ነው። አንድ ብርሃን፣ ከአንድ ቦታ የሚመጣ። የኛ የዘበኛው ባትሪ ነው። ብርሃኑ የሚያርፈው የግንባታው ቆርቆሮ አጥር ላይ ነው፣ ያ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም የተቀባው። ይሄን ቀለም በጣም ወድጄዋለሁ። የሆረር ጌሞች ተደርድረው ስታያቸው አብዛኞቹ ጥቁርና ቀይ ናቸው። ቢጫና አረንጓዴ መሃላቸው ሲገባ ዓይን ይይዛል። ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ያቺን አጥር ሲያይ የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ፊደሉም ሌላ ሥራ ነበር። ስሙን በእንግሊዝኛ ብቻ እናድርገው ተብሎ ነበር። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ግን ፊደላችን ሲያንስ ይቸገራል። «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚለያት ጎን ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ሥዕሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። የተዘጋጁት ፎንቶች አላዋጡኝም። ፊደሎቹን በእጄ ስያቸው፣ እግራቸውን አወፍሬ፣ ጭረቶቹን ከልክ በላይ አሳደግኳቸው። አሁን ይነበባሉ። በዚህ ኮርቻለሁ።

ስቲም ከመስከረም 2022 ወዲህ ሽፋን ላይ የሰው አድናቆት፣ ሽልማት፣ የቅናሽ ማስታወቂያ መጻፍ ከልክሏል። ሥዕሉና የጌሙ ስም ብቻ። ብዙ ሰው አማርሮ ይሆናል፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ሥዕሉ ራሱ ይናገር።

የቀረው ፊቱ ነው። ያ ከላይ ያለው ነገር ፊት።

ጌም የሚሠሩ ሰዎች ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ፊት አድርግ፣ ፊቱም ወደ ገዢው ይይ። ምክንያት አለው። ከብዙ እንስሳት ይልቅ የሰው ዓይን ነጩ ጎልቶ ይታያል፣ ወዴት እንደሚያይም ከሩቅ ያስታውቃል። ጨለማ ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ ብታደርግ በቂ ነው። ሰው ሳያስበው ያያቸዋል። በ2014 የወጣው ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ የአንድ ሰው ሥራ ነው፣ ዓለም የሚያውቀው ግን ከጨለማ ውስጥ በሚያፈጠው የድብ አሻንጉሊት ፊት ነው።

ስለዚህ እኔም ፊት ሣልኩ። ከሁለተኛው ፎቅ ጠርዝ ቁልቁል የሚያይ፣ ሁለት ዓይን ያለው። አሳነስኩት፣ ይታያል። ቀለሙን አጥፍቼ በጥቁርና ነጭ አየሁት፣ ይታያል። ከሌሎች ጌሞች መሃል አስቀመጥኩት፣ አሁንም ይታያል። ም. «ያስፈራል» አለኝ።

እኔን ግን አላስፈራኝም። ለምን እንደሆነ ሳስብ ቀኑ አለቀ።

ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምፈራው ሥዕል የቅዱስ ሚካኤል ነበር። እሱን አይደለም፣ ከእግሩ ሥር ያለውን። መልአኩ ፊት ለፊት፣ በትልልቅ ዓይኖቹ ያየኛል። ሰይጣኑ ግን አያየኝም። ፊቱ ወደ ጎን ነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ልማዱ ይሄ መሆኑን ያወቅኩት አድጌ ነው። ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳንም እንዲሁ በጎን ስለውት ታገኛላችሁ።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባችሁ ጣሪያውን ታስታውሱታላችሁ። ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩ የመላእክት ፊቶች። ያን ያህል ዓይን ከላይ ሲያይህ መፍራት ነበረብህ። እኔ ግን እዚያ ቆሜ የተሰማኝ የሚጠብቀኝ እንዳለ ነው። በብራና ክታብ ላይ ያሉትንም አስቧቸው። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፣ ትልልቅ ዓይኖች ይሳሉበታል። የሚሳሉት ጋኔኑን ለማባረር ነው። የሚፈራው እሱ ነው!

እንግዲህ አስቡት። የሆረር ሽፋን ሁሉ የሚያፈጥ ዓይን ይላል። እኔ ያደግኩበት ሥዕል ደግሞ የሚያፈጠው ዓይን ይጠብቅሃል፣ የማያይህን ተጠንቀቅ ይላል። ለካ ያ የሣልኩት ፊት ያላስፈራኝ ለዚህ ነው። ዓይኖቹን ሳያቸው መልአክ ይመስሉኛል።

ይሄን ለም. ስነግረው «ቡዳስ?» አለኝ። ልክ ነው። ቡዳ በዓይኑ ነው የሚበላው ይባላል፣ ልጅ ሲያምር ከዓይን ያውጣህ ይባላል። በኛም ዘንድ መታየት ያስፈራል። ግን እሱን መንገድ አልፈልገውም። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በዚህ ስም ስንት ዘመን ተገፍቷል። ያንን አንሥቼ መሸጫ አላደርገውም። እዚህ ላይ ም.ም ተስማማ።

ከዚያ ያን የ2010 የስዊድን ጌም፣ አምኒዥያን አነሣ። እዚያ ጭራቁን ባየኸው ቁጥር አእምሮህ ይናወጣል፣ ስለዚህ ፊትህን አዙረህ ጥግ ትይዛለህ። የሚያስፈራው የሱ ማየት ሳይሆን ያንተ ማየት ነው። ከኔ ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ገዢው ሽፋኑን ያያል፣ በሽፋኑ ያለው ነገር ግን እሱን አያየውም። ገና አላየውም።

በጎን ሣልኩት። ትልቁ ላይ ግሩም ነው። ረጅም አንገት፣ አንድ ዓይን፣ የባትሪው ብርሃን ጉንጩን ብቻ ነክቶት። ስመለከተው ልቤ ክፉኛ መታ። ሳሳንሰው ግን የባሕር ዛፉ መወጣጫ እንጨት ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ዓይኑ አይታይም። ምን እንደሆነም አያስታውቅም።

ም. ግማሽ ፊቱን ጨለማ አድርገው አለኝ። ፊት ለፊት ይሁን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታይ። ብልህ ነው፣ ሲያንስም ይሠራል። ግን አልተቀበልኩትም። ነገሩ የዓይን ቁጥር አይደለም። ያኛው ሰይጣን ያስፈራኝ ወደኔ ስላላየ ነው። ግማሽ ፊት አሁንም ያፈጥብኛል።

ሌላው ዓለም ያለ ገዢ ይሄን ልማድ አያውቅም፣ ይሄም እውነት ነው። ከሱ ዘንድ የጎን ፊት የጎን ፊት ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን እኔ ሳልፈራው የሣልኩትን እሱ ይፈራዋል ብዬ አላምንም።

አሁን ሕንጻውን ትቼ ጭንቅላቱን ብቻ አጉልቼ፣ በጎን፣ ከላይ ጠርዝ እስከ ታች ጠርዝ እየሞከርኩ ነው። ቁራጯ አግድም ረጅም ናት፣ ስለዚህ ፊቱ የሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ይተርፋል። ስሙን እዚያ ላስገባ አልኩና ቆምኩ። ያ ባዶ ቦታ እሱ የሚያየው ነገር ነው። ዓይኑን ስስል ብሌኑን የት ላድርግ? ወደ ላይ? ወደ ታች? ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? ም.ን ጠየቅኩት። ታሪኩን የጻፈው እሱ ነው። ብዙ ቆይቶ «አላሰብኩበትም» አለኝ። ይሄን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ዘበኛውን ካላየ፣ እኛን ካላየ፣ እዚያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ምን እያየ ነው?