ሲሶው የሜትር አልነበረም

ልጄን ክፍልፋይ ማካፈል ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ስህተቱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው በነበረ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ድብልቁን ቁጥር ወደ ክፍልፋይ ትቀይራለህ፣ አካፋዩን ገልብጠህ ታባዛለህ፣ ታቃልላለህ። በአንድ ማታ ያዘችው።

ጣጣው የመጣው የቃላት ጥያቄው ላይ ነው። «5 1/2 ሜትር ገመድ እያንዳንዱ 3/4 ሜትር በሆነ ቁራጭ ቢቆረጥ ስንት ሙሉ ቁራጭ ይወጣል? ስንት ሜትርስ ይተርፋል?» 11/2ን ለ3/4 አካፈልን። ተገልብጦ ሲባዛ 44/6፣ ሲቃለል 22/3፣ ማለትም 7 1/3። «በቃ፣ 7 ቁራጭ፣ ትርፉ 1/3 ሜትር» አልኳት፣ በሙሉ ልብ። ፈተና ላይ እንዲሁ ዓይነት ጥያቄ መጣ፣ እንዳልኳት ሠራች፣ ኤክስ ሆነባት። መምህሩ በቀይ ጭሮ አለፈ እንጂ ለምን እንደተሳሳተች አንዲት ቃል አልጻፈላትም፤ ይሄ አሁንም ያናድደኛል። የባሰውን ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱን አይቼ «የተሳሳተው መምህርሽ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ቆርጠን አናየውም አባዬ?» አለችኝ።

ገመድ አመጣን። 550 ሳንቲሜትር ለክተን በየ75 ቆረጥነው። 7 ቁራጭ ወጣ። የተረፈው ግን 33 ምናምን ሳይሆን 25 ሳንቲሜትር ነበር፣ ሩብ ሜትር። መለኪያው የተንሸራተተ መስሎኝ ደጋግሜ ለካሁት። ያው 25 ነው። ያኔ ገባኝ፦ ያካፈልነው ስንት ቁራጭ እንደሚወጣ ለማወቅ ስለሆነ፣ 7 1/3 የሚለው ሰባት ቁራጭ ከአንድ ቁራጭ ሲሶ ጋር ነው። የ75 ሲሶ ደግሞ 25። ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ መገልበጥን አላስጠናም፣ መጽሐፉ የፈለገውን ይበል። ታህቱን አንድ ዓይነት እናደርጋለን። 5 1/2 ማለት 22 ሩብ ነው፣ 3/4 ደግሞ 3 ሩብ። 22 ለ3 ሲካፈል 7 ደርሶ 1 ይቀራል። የቀረው አንድ ሩብ ሜትር መሆኑ አፍጥጦ ይታያል።

«ቁልፍ ቃል ፈልጉ» የሚለውንም ምክር ተዉት። «እያንዳንዱ» ካለ አካፍሉ ይባላል። እያንዳንዱ ጠርሙስ 3/4 ሊትር ቢይዝ 6 ጠርሙስ ስንት ይይዛል ቢባልስ? ይሄ ማባዛት ነው። ልጄ የትኛው ለየትኛው እንደሚካፈል ሲምታታባት ክፍልፋዮቹን በሙሉ ቁጥር እንድትተካ አደርጋለሁ፦ 6 ሜትር በየ2 ሜትር ቢቆረጥ ምን ታደርጊያለሽ? ወዲያው ትመልሰዋለች። ከዚያ ክፍልፋዮቹን ቦታቸው ትመልሳለች።

ባለፈው ሳምንት ቁጥሮቹን ሳልነካ ጥያቄውን ቀየርኩባት። 5 1/2 ሊትር ውሃ 3/4 ሊትር በሚይዙ ጠርሙሶች ቢቀዳ ስንት ጠርሙስ ያስፈልጋል? 8 ብላ ጻፈች። ከጎኑም የመጨረሻው ጠርሙስ እስከ ሲሶው ብቻ እንደሚሞላ ጨመረችበት።